ብስክሌተኛው መንገደኛና የጐዳና ሰላምታ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ሰው ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበት መሣሪያ ብዙ ነው። አንዱ በአውሮፕላን ይበርራል፤ አንዱ በባቡር ይጓዛል፤ አንዱ በአውቶሞቢል ያልፋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን የሚያልፍበትን አገር ሕዝብ ፊት ለፊት ሳያይ፣ በሕዝቡም ሳይታይ ሊያልፍ የማይችል አንድ መንገደኛ አለ፤ እርሱም ብስክሌተኛው ነው። መስኮት የለውም፤ በር የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ይበሰብሳል፤ ውሃ ሲጠማው ከመንገድ ዳር ቤት ይለምናል፤ ዳገት ሲገጥመው ከኮርቻው ወርዶ እየገፋ ሲያዘግም የመንደር ሕፃናት ይቀድሙታል። ስለዚህም በሩቅ አገር በብስክሌት የተጓዙ ሰዎች የጻፉትን የሚያነብ ሰው፣ ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ሐውልት እምብዛም አያገኝም፤ የሚያገኘው ማን ውሃ እንዳጠጣው፣ ማን እንደ ሰደበው፣ ማንስ በቤቱ እንዳሳደረው ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነገር ሲሆን፣ ዋና ማተኰሪያችን ከዓባይ በረሃ ወጥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው የጐጃም ጐዳና ይሆናል።

ጐጃም በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ በዓባይ የተከበበ፣ በሰሜንም ጣና የሚያዋስነው አገር ነው። የዓባይ ሸለቆ በሸዋ በኩል ካለው ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ከ1,300 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርድና፣ ከማዶው ደግሞ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከሸዋ ጋራ መገናኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በሞጣ አቅጣጫ ወደ በጌምድር ለመሻገሪያ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይም መካከሉ ስለ ተቈረጠ፣ እስከ ዛሬ የሚታወቀው “ሰባራ ድልድይ” በሚል ስም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው በእንስሳ ጀርባና በእግሩ ነው። ከዚያ ከ150 ዓመት በላይ ቈይቶ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የዓባይን አካሄድና የጣናን ዳርቻ ሲመረምርም፣ በየብስ ከበቅሎና ከእግር የሚሻል ነገር አላገኘም። መንቆረር የተባለው ከተማ ደብረ ማርቆስ ተብሎ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ በሆነ ጊዜም ቢሆን ንጉሡም፣ ሹሙም፣ ነጋዴውም የሚያውቁት ጐዳና ያንኑ የበቅሎ ጐዳና ነበር።

የበቅሎ ጐዳና ደግሞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በሰጋር በቅሎ የሚሄድ ሰው ከእግረኛው ብዙ አይፈጥንም፤ አሽከሩም ከጎኑ በእግሩ ይከተለዋል። ስለዚህ የሚመጣው ሰው ገና ከሩቅ ይታያል፤ አቀማመጡ፣ የነጠላው አጣጣል፣ የተከታዮቹ ብዛት ማንነቱን አስቀድሞ ይናገራል። ሲቀራረቡ የእጅ መንሻ ያህል የሚቈጠር ሰላምታ አለ። እንደምን ዋሉ፤ ከወዴት መጡ፤ ወዴት ያልፋሉ፤ አገሩ ሰላም ነው ወይ፤ ዝናሙ እንደምን ነው፤ ገበያው እንዴት ዋለ ይባላል። ጋዜጣ ባልነበረበት አገር ጋዜጣው መንገደኛው ነበር። በእርሻ ላይ ያለውን ገበሬ “እግዜር ያበርታህ” ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ከበቅሎ ላይ ያለ ሰው ከርሱ የሚበልጥ ሰው ሲገጥመው ይወርዳል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስም ወርዶ ይሳለማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለቱ ሰዎች ለመነጋገር በሚያስችል ፍጥነት ስለሚሄዱ ነው።

ሲመሽ ደግሞ ሌላ ሥርዓት ይከተላል። መንገደኛው ከአንድ ደጃፍ ቆሞ፣ ውሻው እየጮኸበት፣ “ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ” ይላል። ባለቤቱም “ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ” ብሎ ያስገባዋል። እግሩን ያጥቡታል፤ ከተገኘው ያበሉታል፤ በመደብ ላይ ይተኛል፤ በቅሎውም ሣር ታገኛለች። በማግሥቱ ባለቤቱ ጥቂት መንገድ ሳይሸኘው ቢለየው እንግዳውን እንዳላከበረ ይቈጠራል። ይህን ስናወሳ ያለፈውን ዘመን እንደ ገነት ለመሣል አይደለም። ወንበዴም ነበረ፤ ደም ፈላጊም ነበረ፤ ተከታይ የሌለው ብቸኛ መንገደኛም “ምን አጥፍቶ ነው ብቻውን የሚሄደው?” የሚል ጥርጣሬ አያጣውም ነበር። ሆኖም ጐዳናው ለእንግዳ የተሰጠ ቦታ ነበረው፤ እንግዳውም ምን ማለት እንዳለበት ያውቅ ነበር።

በኤውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ በማንሃይም ከተማ ሁለት መንኰራኵር ያላት የእንጨት መሣሪያ ሠርቶ በአደባባይ ነዳ። ፔዳል አልነበራትም፤ ነጂው ተቀምጦባት መሬቱን በእግሩ ይረግጥ ነበር። ፔዳሉ በ1860ዎቹ በፈረንሳይ አገር ተጨመረ። ከዚያ የፊት መንኰራኵሯ የሰው ቁመት የሚያህል፣ የኋላዋ ደግሞ ትንሽ የሆነ አደገኛ ዓይነት መጣ። ዛሬ የምናውቃት፣ መንኰራኵሮቿ እኩል የሆኑትና በሰንሰለት የምትዞረው ብስክሌት የተገኘችው በ1885 በእንግሊዛዊው በጆን ኬምፕ ስታርሊ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም ደንሎፕ በነፋስ የሚነፋውን ጎማ አስገኘ።

ቶማስ ስቲቨንስ የተባለው ሰው ግን ይህን ማሻሻል አልጠበቀም። እንግሊዝ አገር ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ይህ ሰው፣ በዚያችው በረጅሟ ብስክሌት በኤፕሪል 22 ቀን 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ በኦገስት 4 ቀን ቦስተን ገባ። በሚከተለው ዓመት ከእንግሊዝ አገር ጀምሮ ኤውሮፓን፣ ቱርክንና ፋርስን አቋረጠ፤ አፍጋኒስታን አላሳልፍም ብትለው ዞሮ ወደ ሕንድ ተሻገረ፤ ቻይናንም አልፎ በዲሴምበር 17 ቀን 1886 ዮኮሃማ ደረሰ። በብስክሌት ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ የሚታወቀው እርሱ ነው።

የስቲቨንስ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን በሄደበት ርቀት አይደለም፤ በየመንደሩ በገጠመው አቀባበል ነው። በቱርክ መንደሮች ሕዝቡ ከብቦት “ቢን! ቢን!” ይለዋል፤ ትርጕሙ “ተቀመጥባት!” ማለት ነው። ደክሞት እንደሆነ፣ መንገዱ ድንጋይ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ያችን ያልታየች ፍጥረት ነድቶ ካላሳየ እንጀራም እንቅልፍም አያገኝም። በቴህራን ግን የክረምቱን ብርድ በእንግድነት አሳለፈ። በቻይና ደግሞ በአንድ ከተማ የተቈጣ ሕዝብ በድንጋይ ሲያሳድደው፣ ከሞት ያዳኑት ያገሩ ሹማምንት ናቸው። እንግዲህ በብስክሌተኛ ላይ ድንጋይ መወርወር በአንድ አገር ብቻ የተጀመረ ልማድ አለመሆኑን በዚህ ልብ ይሏል። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ብስክሌት ብርቅ መሆኗ በቀረበት አገርስ? በቻይና፣ ስቲቨንስን በድንጋይ ያባረረው ሕዝብ የልጅ ልጆች፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለሙሽራ ቤት ከሚፈለጉት ዕቃዎች መካከል ብስክሌትን፣ የእጅ ሰዓትን፣ የስፌት መኪናንና ሬዲዮን ይቈጥሩ ነበር፤ “ሦስት የሚዞሩ፣ አንድ የሚጮኽ” ይሏቸው ነበር። በፔኪንግ ጐዳና ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤት የሚጐርፈው ብስክሌተኛ ብዛት አገሪቱን “የብስክሌት መንግሥት” አሰኝቷታል። በሆላንድ ደግሞ ነገሩ ወዲያና ወዲህ ሲል የቈየ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውቶሞቢል ስለ በዛ ብስክሌተኛው ከመንገድ እየተገፋ ወጣ። በ1971 በአንድ ዓመት ብቻ በመኪና አደጋ ከ3 ሺህ የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች “የሕፃናትን ግድያ አቁሙ” ብለው በየጐዳናው ተሰለፉ፤ በጊዜውም የነዳጅ እጥረት ስለ ደረሰ መንግሥት ነገሩን ሰማ፤ ለብስክሌት የተለየ መንገድ በየከተማው ተሠራ። ዛሬ በዚያች አገር ያለው የብስክሌት ቍጥር ከሕዝቡ ቍጥር ይበልጣል፤ ሚኒስትሩም ቢሆን ቦርሳውን አንጠልጥሎ በብስክሌት ወደ ቢሮው ሲሄድ የሚያፈጥበት ሰው የለም።

በአገራችን ይህ ለረጅም ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። የበቅሎ ክብር በተቀማጩ ዕረፍት ላይ የቆመ ነው፤ ጌታ ይቀመጣል፣ አሽከር ይደክማል። ብስክሌት ግን ተቀማጩንና ደካሚውን አንድ ሰው ታደርጋለች። ብዙው የከተማ ሰው ብስክሌትን ለመልእክተኛና ለልጅ የተገባች አድርጎ የቈጠራት፣ በመንገዱ ዳገትነት ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ይመስለኛል። ጐጃም ውስጥ ይህን አስተያየት ያሸነፈችው ባሕር ዳር ናት። በጣና ዳር ሜዳ ላይ የተቈረቈረች፣ ጐዳናዋ ሰፊና ዘንባባ የተተከለበት በመሆኑ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ከተከፈቱበት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ እያደገች በሄደች ቍጥር ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ሴቱም ወንዱም በብስክሌት የሚሄድባት ከተማ ተብላ ታወቀች። ጮቄን ተንተርሳ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ደብረ ማርቆስ ግን ዳገትና ቍልቍለቷ ይህን ያህል አልፈቀደላትም።

ኢትዮጵያውያን በባዕድ አገር ጐዳና በብስክሌት የታዩበትን ቀን ማውሳት ይገባናል። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር ከሄዱት ስፖርተኞቻችን መካከል አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በጐዳና ውድድሩ 24ኛ ሆነ፤ ቡድኑም 9ኛ ወጣ። የአበበ ቢቂላ የሮማ ድል ከመጣ በኋላ ይህ ውጤት ቢረሳ አይገርምም፤ ቢሆንም ብስክሌት ከልጅነቱ ጀምሮ ከሚነዳ የኤውሮፓ ወጣት ጋራ መወዳደር ቀላል አልነበረም።

አሁን ስለ አንዲት ሴት እንናገር። ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1931 በአየርላንድ ሊዝሞር በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች። ዐሥር ዓመት ሲሞላት ብስክሌትና አትላስ ተሰጣት፤ ወዲያውም በብስክሌት ወደ ሕንድ እሄዳለሁ ብላ ቈረጠች። አሳቧን ለማንም ሳትናገር ሃያ ዓመት ጠበቀች፤ የታመሙ እናቷን ስታስታምም ኖራ እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1963 በጽኑ የበረዶ ወራት ተነሣች። ብስክሌቷን በዶን ኪሾት ፈረስ ስም ጠርታ፣ በዩጎዝላቪያ፣ በቱርክ፣ በፋርስ፣ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን አድርጋ በስድስተኛው ወር ገደማ ዴልሂ ገባች። ተራራው ሲበዛባት ብስክሌቷን ተሸክማ የተሻገረችበት ቦታ ነበረ።

ይህች ሴት በታኅሣሥ 1959 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጣች። ይዛ የመጣችው ግን ብስክሌቷን አልነበረም። የደጋችንን ገደልና ጭንጫ አስባ አንዲት የጭነት በቅሎ ገዛች፤ ከምጽዋ ተነሥታ በስሜን ተራሮችና በላሊበላ በኩል እያለፈች አዲስ አበባ ደረሰች። በዓለም ዘንድ በብስክሌት ስሟ የታወቀ ሴት በእኛ አገር በቅሎ መምረጧ እጅግ ያሳስበኛል። በመንገዷ ወንበዴ ዘርፏታል፤ በየመንደሩ ግን ጎጆው ተከፍቶላታል፤ አብራም በልታ አብራ አድራለች። ገበሬው ፈረንጅ ሴት ብቻዋን ስትሄድ ማየቱ ቢያስደንቀውም፣ በቅሎ የሚነዳ የመሸበት መንገደኛ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበርና የሚያደርገው አልጠፋውም። ስለዚህ ጕዞ የጻፈችው መጽሐፍ በ1968 ታተመ፤ እርሷም በ2022 በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

በዚያን ጊዜ ግን ከዓባይ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው ጐዳና የመንኰራኵር መንገድ ከሆነ ቈይቶ ነበር። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለወታደራቸው ሲሉ መንገድ ቈፍረው ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በቡሬ በኩል አድርገው መጋቢት ወር ላይ ከጠላት በተለቀቀችው ደብረ ማርቆስ ሲገቡ በዚሁ አቅጣጫ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በዓባይ ላይ የኮንክሪት ድልድይ ተሠራ። ከእርሱ አጠገብ ደግሞ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። የበቅሎ ጐዳና የነበረው የአውቶቡስና የጭነት መኪና ጐዳና ሆነ።

መኪናው ያመጣውን ጥቅም የማያውቅ የለም። እህል ለገበያ ደረሰ፤ በሽተኛ ለሐኪም ደረሰ። ግን መኪናው ሰላምታን አስቀረ። ገበሬው ከሞፈሩ ቀና ብሎ “እንደምን ዋላችሁ” ቢል የሚመልስለት አቧራው ነው። የመንገድ ዳር ልጆች መንገደኛ ማለት የማይመልስ፣ የማይቆም፣ ከመስኮት አንዳንድ ጊዜ ከረሜላ ወይም እስክሪብቶ የሚወረውር፣ አብዛኛውን ጊዜም ምንም የማይሰጥ ፊት እንደሆነ እያዩ አደጉ። ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ የውጭ አገር ብስክሌተኞች በብዛት የመጡት።

እ.ኤ.አ. በ2003 ቱር ዳፍሪክ የተባለው ጕዞ ተጀመረ። ተካፋዮቹ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ወር ገደማ በብስክሌት የሚሄዱ ሲሆኑ፣ ለብዙ ዓመታት ከሱዳን ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አድርገው ወደ ዓባይ ይወርዱ ነበር። ሌሎች በየግላቸው የሚመጡም ብዙ ነበሩ። ማርክ ቦሞንት የተባለው ስኮትላንዳዊ በ2015 ከካይሮ ኬፕ ታውን በ42 ቀን ያህል ገብቷል፤ በዚያ ጥድፊያ የማንን ሰላምታ ሰምቶ የማንን እንደ መለሰ ግን እርሱ ይወቀው።

እነዚህ ተጓዦች ስለ አገራችን ሲናገሩ ከሚያነሷቸው ነገሮች ሁለቱ ዘወትር አይጠፉም። አንደኛው የመሬቱ ውበትና የዳገቱ ክፋት ነው። ሁለተኛው የሚያሳፍረን ነው፤ “ዩ! ዩ! ዩ!” እያለ የሚከተላቸው የልጆች ጩኸትና የሚወረወርባቸው ድንጋይ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በብዙ አገር የሚያልፉ ብስክሌተኞች እርስ በርሳቸው ስለ ድንጋዩ አስቀድመው ይጠያየቃሉ። ፍኖተ ሰላም የሚል ስም ያለው ከተማ በሚገኝበት ጐዳና ይህ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ድህነት ነው የሚሉ አሉ፤ ግን የአያቶቻችን ድህነት ከዚህ የባሰ ነበር፣ እንግዳውንም አላስወገረም። የፈረንጅ ጥላቻ ነው የሚሉም አሉ፤ እርሱም አይመስለኝም፤ ያው ልጅ ፈረንጁ ቆሞ ስሙን ቢጠይቀው አፍሮ በነጠላው ጫፍ አፉን ይሸፍናል። እረኛ ድንጋይ የዕለት መሣሪያው ነው፤ ከብት የሚመልሰው በድንጋይ፣ ዝንጀሮ የሚያባርረው በወንጭፍ ነው። ከሩቅ የሚሮጥ፣ ራሱ ላይ ቆብ የደፋ፣ ዓይኑን በጥቍር መነጽር የሸፈነ፣ ሰላምታ የማያውቅ ነገር ሲመጣበት እጁ ወደ ለመደው ይሄዳል። “ዩ” የሚለውም ቃል በትምህርት ቤት ከተማረው እንግሊዝኛ ውስጥ ለሰው መጥሪያ የሚሆን ያገኘው እርሱን ብቻ ስለሆነ ነው፤ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ታላቁን “አንተ” ብሎ አይጠራም፤ “ጋሼ” ወይም “አባባ” ይል ነበር። እንግዳውም በበኩሉ “እንደምን ዋላችሁ” የሚለውን ሁለት ቃል አጥንቶ ቢመጣ ብዙ ድንጋይ ከእጅ ሳይወጣ ይቀር ነበር። አንዳንዶቹ ይህን አውቀው፣ ከብስክሌታቸው ወርደው እጅ እየነሡ አልፈዋል፤ በቡና ቤት ተቀምጠው ጠጥተዋል፤ በገበሬ ቤትም ያደሩ አሉ።

በዚህ ነገር መምህራንና የወረዳ ሹማምንት ብዙ ሊያደርጉ ይችሉ እንደ ነበር መካድ አይቻልም። የትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ስለ እንግዳ አቀባበል አንድ ቃል መናገር በጀት አይጠይቅም። ነገር ግን ሹሙም ራሱ የሚያልፈው መስኮቱን ዘግቶ በመኪና ስለሆነ፣ ድንጋዩን የሚያየው በሪፖርት ነው።

ከደጀን ወርዶ ዓባይን የተሻገረ ብስክሌተኛ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣበት ዳገት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በረሃው ያቃጥላል፤ ከባድ መኪናዎች ጥቍር ጢስ እየለቀቁ ያልፉታል። በቱር ዳፍሪክ ይህች ዳገት ፈጣኑ የሚለይባት የሰዓት ውድድር ነበረች፤ ሻንጣውን ጭኖ ብቻውን የመጣው ሰው ግን የሚሄደው ከሰጋር በቅሎ ሳይበልጥ ነው። በዚያ ፍጥነት ደግሞ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ በቀላሉ ይደርስበታል። መጀመሪያ “ዩ! ዩ!” ይላል። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጩኸቱ ያልቅበትና ስሙን ይጠይቀዋል፤ አገሩን ይጠይቀዋል፤ ብቻውን ለምን እንደ መጣ፣ ሚስት እንዳለው፣ ብስክሌቷ ስንት እንደ ተገዛች ይጠይቀዋል። ዳገቱ ሲጠና የኋላውን ሻንጣ ይዞ ይገፋለታል። ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ሌላው ድረስ እንዲሁ እየተነጋገሩ ይወጡና፣ ልጁ ከብቶቹ ትዝ ሲሉት ቆሞ እጁን እያውለበለበ ይመለሳል።